የሰማንያ ቀን ክርክር

ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት አማቴ ገዓት፣ እኛ አዲስ አበቤዎች ገንፎ የምንለውን፣ አቀረቡልኝና ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ፣ "ሰማንያዋ ጾም ላይ እንዳይወድቅብን ቆጥረሻል?" አሉኝ። የቀን ጥያቄ ይመስላል። ግን አልነበረም። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እኔ ደግሞ ሞርሞን ነኝ። ይህንን አማቴ ልጃቸውን ሳገባም ያውቁ ነበር። ያልተነጋገርንበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ።

"አደይ" አልኳቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። "በእኛ ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም። ስምንት ዓመት ሲሞላትና ክፉና ደጉን ስትለይ፣ ራሷ ፈቅዳ ትጠመቃለች።"

"ስምንት ዓመት" አሉ ቀስ ብለው። "እስከዚያ ብትሞትስ?"

አራስ ሆድ ይብሳታል ይባላል፤ እኔን የሚብሰኝ ግን ምላሴ ነው። "አያት በልጅ ልጇ ታሟርታለች እንዴ?" ብዬ ሳህኑን ገፋሁት። አማቴ ሳህኑን አንሥተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤን በሰዓቱ ያመጣሉ፣ ልጄን ያጥባሉ፣ ጨርቋን ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፤ ከእኔ ጋር ግን ከ"ደሓንዶ ሓዲርኪ"፣ ከደህና አደርሽ፣ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም። የምንኖረው መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር፣ በእሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ ግቢ እየኖሩ መኳረፍ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ባሌን ምን ትላለህ ብዬ ያዝኩት። ባሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚሠራው፤ ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ ማየት የሥራ ጠባይ ሆኖበታል። ለእናቱም "እሺ"፣ ለእኔም "እሺ" ይላል። "ሰማንያው እስኪደርስ እግዚአብሔር ያውቃል" አለኝ። እግዚአብሔር እንደሚያውቅማ እኔም አልተጠራጠርኩም፤ እኔን የጨነቀኝ የምናውቀው ነገር መለያየቱ ነው።

ሞርሞን የሆንኩት አዲስ አበባ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት የውጭ አገር ወጣቶች በሰፈራችን እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ደረታቸው ላይ ከስማቸው በፊት "ሽማግሌ" የሚል ማዕረግ አለ። እናቴ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ሽማግሌ ተብሎ ስታይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ሽማግሌ ደጃችን ከመጣ ለጋብቻ ነው፤ ሙሽራው የታለ?" አለቻቸው። እነሱም አማርኛቸው እስከዚያ አይደርስም፤ ዝም ብለው አብረዋት ሳቁ።

መጀመሪያ የሄድኩት እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ነው፤ አልዋሽም። ከበሮና ጽናጽል ለምጄ ስላደግኩ የእሑድ ጉባኤያቸው ሲበዛ ጭር አለብኝ። ዳቦና ውሃ በትንንሽ ዕቃ ይዞራል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ የቀን ሠራተኛ፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ሰው፣ ተነሣና እግዚአብሔር እንደሚያውቀው፣ ልጁ ታማ እንደዳነች፣ እንደሚያመሰግን ተናግሮ ተቀመጠ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም እልል አላለም። እኔ ግን መላ ሰውነቴን ወረረኝ። ይህ ሰው እግዚአብሔር እንደሚያውቀው የተናገረው፣ ጎረቤቱ እንደሚያውቀው በሚናገርበት ድምፅ ነበር።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁና በራሴ ቃል ጸለይኩ። እስከዚያ ጸሎት ማለት ለእኔ በቃሌ የያዝኩትን መድገም ነበር። "እኔንስ ታውቀኛለህ?" አልኩት። የሆነውን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ብርሃን አላየሁም። ግን መታወቄን አወቅኩ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጣራውን እያየሁ፣ ፍርሃትም ደስታም ባልሆነ ነገር ስንቀጠቀጥ ቆየሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል።

መቐለ የመጣሁት ባል አግብቼ ነው። ዓዲ ሓቂ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሒሳብ ክፍል ተቀጠርኩ። ከጎኔ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ የከተማው ልጅ ነው፤ ድቁና ተቀብሎ የነበረ፣ ዜማ የሚያውቅ፣ ክርክር ከምግብ የሚበልጥበት ሰው። ሞርሞን መሆኔን የሰማ ቀን ሥራ አገኘ። ጠዋት ጠዋት ስልኩን እያውለበለበ ይገባና "ዛሬ ደግሞ ጉድ አገኘሁልሽ!" ይላል።

አንድ ቀን "መጽሐፋችሁ ተጻፈበት የተባለውን የወርቅ ሰሌዳ እስቲ አሳዪን" አለኝ ሰው በተሰበሰበበት።

"አንተ ታቦተ ጽዮንን አሳየኝና እኔም አሳይሃለሁ" አልኩት።

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። "መሥራቻችሁ ስንት ሚስት ነበረው?" አለኝ። "ቅድመ አያታችሁን ንጉሥ ሰሎሞንን ጠይቅና ንገረኝ" ብዬ አፉን አስያዝኩት። ለእሱ እንዲህ እላለሁ እንጂ ያ የብዙ ሚስት ታሪክ ለእኔም እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ተረቱ "የማያድግ ልጅ በአራስ ቤቱ ይሞታል" ይላል፤ የእኔም እምነት በቀልድ ብቻ እየተመለሰ የሚያድግ እንዳልሆነ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው።

የገባኝም አንድ ቀን ያ ሰው ሳይስቅ ሲመጣ ነው። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ይሄን ታውቂያለሽ?" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ለጥቁር ሰው ክህነት የተከለከለበት ዘመን እንደነበረ የሚያወራ ነበር። ሩቅ ዘመን እንኳ አይደለም፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሰው በሆኑበት ዘመን። አላውቅም ነበር። እሱም አሸነፍኩሽም አላሸነፍኩሽም ሳይል ወደ ሥራው ዞረ። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ብዙ ቀን መጸለይ አቃተኝ። የታወቅኩ መስሎኝ ነበር፤ የቆዳዬስ ነገር? በመጨረሻ አዲስ አበባ ላጠመቁኝ ሰው ደወልኩ፤ የእኛው አገር ሰው፣ በዕድሜም በእውነት ሽማግሌ የሆኑ። የሚያስተባብል መልስ ስጠብቅ፣ "እውነት ነው" አሉኝ። "እኔም ስሰማ አልቅሻለሁ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር ብሎ የሚያስረዳሽ ሰው ከመጣ አትስሚው። የሰው በደል ነው። ግን ወንዙ ቢደፈርስብሽ ውሃ መጠጣት ትተያለሽ ወይስ ወደ ምንጩ ትወጫለሽ?" ስልኩን ዘግቼ እዚያው ተንበረከኩ። ተቆጥቼ ነው የጸለይኩት። በቁጣዬ መሃል ያ የመጀመሪያው ቀን መታወቅ እንደገና መጣ፤ ስለ ቁጣዬ ሳይወቅሰኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ በደል ነበር የሚለውንና እዚህ ቤት እግዚአብሔር አግኝቶኛል የሚለውን አንዱን በአንዱ ሳልሰርዝ አብሬ ይዤ እኖራለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እንደማይታረቁ ሁለት መዝገቦች ያሳክኩኛል፤ ግን ሁለቱም እውነት ናቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። መቐለ ውስጥ በእኔ እምነት የማውቀው አንድ ሰው አልነበረም። በእኛ ሥርዓት ዳቦውንና ውሃውን የሚባርከው ክህነት ያለው ወንድ ነው፤ ብቻዬን ቅዱስ ቁርባን መውሰድ አልችልም። እሑድ ጠዋት ንጹሕ ልብሴን ለብሼ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዝም እላለሁ። አማቴ በበሩ ሲያልፉ ያዩኛል፤ ምን እንደማደርግ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ትንሽ የዳቦ ቁራሽ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት። በቤታችን ዱቄት ካለቀ ሰንብቷል። "ብዪ፣ ጓለይ" አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። ቡራኬው የማን ይሁን የማን አላውቅም፤ እያለቀስኩ በላሁት። እኚያ ሴት ናቸው እንግዲህ አሁን ያኮረፉኝ።

በሰላሙ ጊዜ ሲቀልዱብኝ ጎበዝ ነበሩ። በእኛ ዘንድ ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ሁለት ምግብ ይጾማል። ይህን የነገርኳቸው ቀን ባሌን ጠርተው፣ "ሰማህ? ይሄማ ጾም ሳይሆን ምሳ መርሳት ነው!" ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። የዓመቱን ግማሽ ከእንስሳ ተዋጽኦ ርቀው፣ ዓቢይ ጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ለሚውሉ ሴት ምን መልስ አለኝ? ቡና እንደማልጠጣ፣ ስዋ የሚሉትን ጠላም እንደማልቀምስ ሲያውቁ ደግሞ "ይቺ ልጅ እንግዳ ስትሆን ምን ያቀርቡላታል?" ብለው ተጨነቁ፤ ከዚያ በየበዓሉ ለእኔ ብቻ በሶ መበጥበጥ ጀመሩ። ሃይማኖቴን አልተቀበሉትም፤ እኔን ግን አንድ ቀን ገፍተውኝ አያውቁም። ስለዚህ ይሄ ኩርፊያ ከየት መጣ?

ከወር በላይ ካለፈ በኋላ የንስሐ አባታቸው ወደ ቤታችን መጡ። አማቴ ገበያ ወጥተው ነበር፤ ቄሱ አውቀው በዚያ ሰዓት እንደመጡ የገባኝ ኋላ ነው። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ለባሌ አሳለሙ። ወደ እኔ ሲዞሩ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከዚያ መስቀሉን ወደ ደረታቸው መልሰው በሌላው እጃቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉና ተቀመጡ።

"ልጄ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ምን ጎደለውና ነው ሌላ የጨመራችሁበት?" አሉኝ።

ለዚህ የተዘጋጀሁ ነኝ። "አባ፣ የእናንተ ሰማንያ አንድ መጽሐፍ ነው፤ የሌሎቹ ስድሳ ስድስት። እነሱም እናንተን 'ምን ጎደለውና ጨመራችሁ' ይሏችኋል" አልኳቸው። ቀጥዬ ስለ ነቢያት፣ ስለ ክህነት፣ ስለ ሕፃናት ጥምቀት፣ ያልጠየቁኝን ሁሉ መለስኩላቸው። ባሌ መሬት መሬት ያያል። ቄሱ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"መልስ አታጪም" አሉ ስጨርስ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። "ጉባኤ ቤት ብትሆኚ ኖሮ አስተምርሽ ነበር። ግን እኔ ልከራከርሽ አልመጣሁም። አማትሽ እንቅልፍ አጥተዋል። ምክንያቱን እኔ አልነግርሽም፤ የንስሐ ነገር ነው። አንቺ ጠይቂያቸው። ስትጠይቂ ግን መልስሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ።"

በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር። "እስከዚያ ብትሞትስ?" ሲሉኝ ሃይማኖቴን የነኩ መስሎኝ ጦሬን ሰበቅኩ እንጂ፣ ሰው ለምን እንዲህ ይላል ብዬ አላሰብኩም። እንደ እኔ ሲጠየቅ የኖረ ሰው ጥያቄ ሁሉ ጠብ ይመስለዋል።

በማግስቱ ጠዋት አማቴ ልጄን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሊያሞቋት ይዘዋት ወጡ። እግራቸውን ዘርግተው፣ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ በቅቤ ያሿታል። እኔም ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አደይ" አልኩ፣ "ያን ዕለት የተናገርኳት ክፉ ቃል ነበረች። ይቅር ይበሉኝ። እንቅልፍ የነሣዎት ምንድን ነው?"

እጃቸው አልቆመም። ትንንሾቹን እግሮች አንድ በአንድ እያሹ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጀመሩ።

"ባልሽን ከመውለዴ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ" አሉ። "ባልሽም አያውቅም። ከቁይሓ ወዲያ ገጠር ነበርን። ሰማንያዋ ሊሞላ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ እህሉም ተፈጭቷል፣ ስዋውም ተጠምቋል። ጤነኛ ነበረች። ማታ ጠብታ ተኛች፤ ጠዋት አልነቃችም። ቄስ ጠርቼ እንኳ እንዳስጠምቃት ጊዜ አልሰጠችኝም።"

ልጄ እጃቸው ላይ ተንጠራራች። አገላብጠው በሆዷ አስተኟት፤ ጀርባዋን ማሸት ቀጠሉ።

"ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዳዕሮ፣ እናንተ ዋርካ የምትሉት ዛፍ ሥር፣ እንደሷ ያሉት ከሚቀበሩበት ቀበሯት። እኔ አራስ ነበርኩ፤ አልሄድኩም። ቦታውን በኋላ በጣት አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለው የታችኛው በር ገብቼ አላውቅም፤ ዞሬ በላይኛው ነው የምገባው። የሞቱት ዘመዶቼ ሁሉ በጸሎት ሲጠሩ እሷ አትጠራም፤ የክርስትና ስም የላትማ። እናቴን፣ አባቴን፣ ባሌን፣ በጦርነቱ ያለቁትን የወንድሞቼን ልጆች፣ ሁሉንም አስጠርቻለሁ። እሷን ምን ብዬ ላስጠራት?"

አሁን ነው ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞሩት። ዓይናቸው ደረቅ ነው። "አንቺ ልጅሽን ሳታስጠምቂ አቅፈሽ ተኝተሽ ታድሪያለሽ፤ እኔ በየሌሊቱ እየተነሣሁ ትተነፍስ እንደሆነ አያታለሁ። 'ብትሞትስ' ያልኩሽ ላሟርትብሽ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አንቺ ሰው ሁሉ ሲጠይቅሽ መልስ አለሽ። በእናንተ ሃይማኖት ያልተጠመቀች ሕፃን የት ናት? የእኔ ልጅ የት ናት?"

ትምህርቱን አውቀዋለሁ፤ ከተማርኳቸው ሁሉ መጀመሪያ የወደድኩት እሱን ነው። ለዚያ ዲያቆን በአንድ ትንፋሽ እዘረግፍለት ነበር። አሁን ግን ፈራሁ። እስከ ዛሬ የሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ ለክርክር የተሰጡ ናቸው፤ ማንም ሰው ሙሉ ክብደቱን ጥሎ አልተቀመጠባቸውም። እኚህ ሴት አርባ ዓመት የተሸከሙትን ይዘው ሊቀመጡበት ነው። ቢሰበርስ? ያ የስልክ ጉድ ሁሉ በዓይኔ ዞረ፤ ሰሌዳው፣ ሚስቶቹ፣ ክህነቱ። እውነት የማምነው ምን እንደሆነ የዚያን ዕለት ጠዋት ያህል ተፈትሼ አላውቅም።

"ከእግዚአብሔር ዘንድ ናት፣ አደይ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። "አንድም ቀን ከእሱ ተለይታ አታውቅም። ኃጢአት ከሌለባት ምን ይጠበቃል? ምንም አልጎደላትም።"

"ሓቂ ድዩ?" አሉኝ። እውነት ነው ወይ?

"በዓይኔ አላየሁም። ግን ልጄን እንዲህ አቅፌ የምተኛው ይህን ስለማምን ነው። ባላምን ኖሮ እኔም እንደ እርስዎ እንቅልፍ ባልወሰደኝ ነበር።"

ልጄን አንሥተው አቀፏት። ከዚያ አንድ ስም ጠሩ፤ የዚያችን የመጀመሪያ ልጃቸውን የቤት ስም። ከቀበሯት ወዲህ ጮክ ብለው ሲጠሩት የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሲጠሩት ግን አፋቸው ልጅ ሆነ፤ የስድሳ ዓመት ፊት ላይ የሃያ ዓመት እናት መጥታ ቁጭ አለች። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ ያስደነቀኝ የለም። ሁለታችንም እንደ ሕፃን አለቀስን፤ ሕፃኗ ብቻ ዝም ብላ ታየናለች።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ "አይምሰልሽ" አሉኝ፣ "እኔ ምሳ በመርሳት የሚጾም ሃይማኖት ውስጥ አልገባም።" በእንባዬ መሃል ሳቄ አመለጠኝ።

ለጥቂት ቀን አሰብኩበት። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞችና እህቶች ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ መጨነቄ አልቀረም። ግን ልጄ ምንም እንዳልጎደላት ከልቤ ካመንኩ፣ ውሃው ምን ያጎድልባታል? ስምንት ዓመቷ ሲደርስ ራሷ ትመርጣለች፤ ያን መብቷን ማንም አይወስድባትም። እስከዚያ እኚህ ሴት በየሌሊቱ እየተነሡ የልጄን ትንፋሽ ሲያዳምጡ ተኝቼ ልደር? ሄጄ "አደይ፣ ሰማንያዋ ሲሞላ ይውሰዷት" አልኳቸው።

"ለእኔ ብለሽ ነው?"

"ለእርስዎ ብዬ ነው።"

ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። "እንግዲያ እዚህ አጥቢያችን አይሁን" አሉኝ። "እዚያ ይሁንልኝ።" የት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የክርስትናው ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ቁይሓን አልፈን ሄድን። የንስሐ አባታቸው ሁሉን አዘጋጅተው ጠበቁን፤ አባቷ ኦርቶዶክስ ነው፣ የክርስትና እናቷ የአማቴ እህት ናቸው፣ እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ልጄን ነጭ አልብሼ ለአማቴ አቀበልኳቸው። እሳቸው በላይኛው በር ገቡ። እኔ እምነቱ የእኔ ስላልሆነ ውጭ ቀረሁ፤ ብርድ ነበርና የማለዳ ፀሐይ ፍለጋ አጥሩን ዞሬ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆምኩ።

ከውስጥ የግዕዙ ዜማ ይሰማል። ያደግኩበት ዜማ ነው፤ ትቼው ከሄድኩ ስንት ዘመኔ፣ ሰውነቴ ግን አልረሳውም። ከዚያ የልጄ ጩኸት መጣ፤ ውሃው ሲነካት። ጡቴ በዚያው ቅጽበት ወተት አፈሰሰ፤ ቀሚሴ ራሰ። ደረቴን በሁለት እጄ ይዤ ወደ መሬት ስመለከት፣ ዛፉ ዳዕሮ እንደሆነ አየሁ። ከሥሩ አፈሩ እዚህም እዚያም ጎበጥ ጎበጥ ብሏል፤ ድንጋይ የለው፣ ምልክት የለው። የት እንደቆምኩ ገባኝና ጫማዬን አወለቅኩ።

ጥቂት ቆይቶ የታችኛው በር፣ ማንም ሲወጣበት ያላየሁት፣ ተከፈተ። አማቴ ናቸው። ልጄን በነጠላቸው አቅፈዋታል፤ አንገቷ ላይ ማዕተብ ታስሯል፣ ግንባሯ በሜሮኑ ያበራል። ደፉ ላይ ቆሙ። ልሄድና ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝና ራሳቸው መጡ። ሲደርሱ ዓይናቸውን መሬቱ ላይ አንከራተቱ፤ የትኛዋ እንደሆነች አያውቁም።

"እዚህ ቄስ አይጸልይም" አሉኝ። "አንቺ ጸልዪላት።"

በእኛ ሥርዓትም መቃብር የሚባርከው ክህነት ያለው ወንድ ነው። ጸሎት ግን የማንም ነው። አንገቴን ደፍቼ፣ እጄን አጣጥፌ፣ "የሰማይ አባት ሆይ" ብዬ ጀመርኩ። ስለ አንዲት ሕፃን አመሰገንኩ። እናቷ እንዳልረሳቻት እንዲነግራት ለመንኩ። ከዚያ ቃል አጣሁ። መልስ የማያልቅብኝ ሴትዮ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ ቀረሁ።

"ስሟን ጥሪው" አሉኝ አማቴ በሹክሹክታ።

ጠራሁት። ጮክ ብዬ፣ ከአጥሩ ወዲያ እስኪሰማ። አማቴም "አሜን" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ልጄን ከደረታቸው አውርደው፣ ፊቷ ወደ አፈሩ እንዲዞር አድርገው ያዟት።

"ኣሞኺ እያ" አሏት። አክስትሽ ናት።